ለፊልም ነው

አገሬን በፊልም ሳያት ደሜ ይፈላል። ይህን ጠባዬን የሚያውቁ ሰዎች አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ይደውሉልኛል፤ ሰው ሲሰደብ መስማት ስለሚወዱ። እኔም አላሳፍራቸውም። ገበሬው በሥራ ቀን ነጭ በነጭ ለብሶ ሲያርስ፣ የከተማ ልጅ የላስታ ሴት ልትመስል ምላሷን ስታኮላትፍ፣ ገደልና ዳመና እያሳዩ ከኋላ ዋሽንት ሲያስነፉብን ወንበሬ ላይ መቀመጥ ያቅተኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ በጋዜጣ ጽፌአለሁ፣ በሬዲዮ ጮኼአለሁ። ከነካኋቸው ፊልም ሠሪዎች አብዛኞቹ ያገኙት የሚገባቸውን ነው። ዛሬም ቃሌን አላጥፍም።

አንዷ ግን የማይገባትን አግኝታለች። ፊልም ሠሪ አይደለችም። የልጅነት ጎረቤታችን አልጣሽ ናት። ባለፈው ጥር በሻርፕ የተጠቀለለ አሮጌ ሲዲ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከላሊበላ ወደ መንደራችን ገነተ ማርያም በሚኒባስ ስሄድ፣ የማስበው ስለ እሷ ብቻ ነበር። የልጇ ስም በእናቱ ድምፅ የሚሰማው እዚያ ሲዲ ውስጥ ብቻ ነው። ከሌላው ቦታ ሁሉ ጠፍቷል። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በአሥር ዓመቴ ነው።

ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት ገብስ ተወቅቶ ገለባው ገና አውድማ ላይ ሳለ ነው። ሁለት ላንድክሩዘርና አንድ አይሱዙ። አይሱዙው ጄኔሬተር ጭኖ ነበር፤ ሲነሳ የናፍጣው ሽታ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሄዳል። የፊልሙ ስም «የቋጥኝ ልጅ» ይባላል። መኪናም መብራትም ባልነበረበት ዘመን በላቸው የሚባል ጀግና ገደል አፋፍ ላይ ሲዋጋ ተመትቶ ይሞታል። ስለዚህ መንደራችንን ዘመኗን ሊያስወልቋት ተነሱ። ገና ሽቦ ያልተዘረጋበትን የመብራት ምሰሶ በጥድ ቅርንጫፍ ሸፈኑት። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ገለባ በተኑ። ቢጫ ጀሪካኖቻችንን ሰብስበው አይሱዙው ውስጥ ቆለፉና ከአዲስ አበባ ያመጡትን እንስራ ለሴቶቹ አደሉ። እንስራ ተሸክሞ የማያውቅ ወገብ ስለነበር ሦስቱ በመጀመሪያው ቀን ተሰበሩ።

ዛሬ ቢሆን እያንዳንዷን እየቆጠርኩ እጽፍባቸው ነበር። ያኔ ግን አልተናደድኩም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ፊልሙ ውስጥ እንድትገባ።

እናቴ የትናየት አልቃሽ ናት። ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርድ፣ የሟቹን ስም፣ ዘሩንና ሥራውን በግጥም እየጠራች ለቅሶተኛውን የምታስለቅስ። ብልባላ ድረስ ይጠሯታል። እሷ ስታወርድ ያልተንሰቀሰቀ ወንድ አላየሁም። የፊልሙ በላቸው ደግሞ እንደሚሞት ሰምቼአለሁ። ከሞተ ይለቀስለታል፤ ከተለቀሰለት የምታለቅሰው የእኔ እናት ናት። ይህን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አስቀድሜ አውርቼ ጨርሻለሁ።

እንዳሰብኩትም ዳይሬክተሩ ቤታችን መጣ። ቃለሕይወት ይባላል፤ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው።

«እናታለም፣ ሙሾ ያወርዳሉ አሉኝ።»

እናቴ ብድግ አለች። «ማን ሞቶ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ይለቀሳል?»

«ለፊልም ነው። በላቸው የሚባል ሰውዬ ሞቶ…»

«የማን ልጅ ነው?»

«እ?»

«በላቸው። አባቱ ማነው? እናቱ በሕይወት አለች? እህት አለችው? ሰውየውን ሳላውቀው ምኑን ጠርቼ ላልቅስለት?»

ቃለሕይወት ሳቀና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «እሱ አያሳስብዎት፣ ግጥሙን ጽፈነዋል።» እናቴ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን እኔ ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስለ አንበሳና ስለ ጎራዴ ነበር። እናቴ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ይሄ እኮ የሠርግ ነው፣ ልጄ» አለችው።

ብዙ ለመናት። እሷ ግን ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፣ ሞት የሚጠራ ነገር በአፌ አላወጣም፣ ቤቴ ውስጥ ልጅ አለችኝ አለች። ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። ዓለም እናቴን እንዳያያት ያደረግሁት እኔው ሆኜ አረፍኩት። አልቅሼ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አልጣሽ መጣች።

የአልጣሽ ቤት ከእኛ ፊት ለፊት ነው። ልጇ ወንዴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ አረብ አገር ሄዷል፤ ለእኔ የእጅ ሰዓት እንደሚያመጣ ቃል ገብቶልኛል። ከጓደኞቹ አንዱ ተመልሷል። ግን ከሰው ጋር አያወራም፣ ወንዝም አይሻገርም። የወንዴ አባት አያ ጋሻዬ በገበያ ቀን ሕዝብ መሐል ቆሞ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቼአለሁ፦ «ልጄ አረብ አገር ሥራ ላይ ነው። ሌላ ወሬ ይዞ ደጄን የሚረግጥ እግሩን አያገኛትም።» እኔም አመንኩት። ሰዓቴን እየጠበቅሁ ነበር።

አልጣሽና እናቴ ከጎተራው ጀርባ ቆመው ሲንሾካሾኩ እኔ ከዚህኛው ወገን እንቁላል የምፈልግ መስዬ ተቀምጬ ነበር።

«አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ፣ የትናየት» አለች አልጣሽ።

«ጋሻዬስ?»

«ለፊልም ነው እለዋለሁ።»

«አያምንሽም።»

«ማመን አይጠበቅበትም። ዝም ካለኝ ይበቃኛል።»

ከዚያ እናቴ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ግጥሙን እኔ እሰጥሻለሁ። እነሱንም እኔ አናግራቸዋለሁ።»

ሌላ ምንም አላስፈለገኝም። ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነበር፤ አልጣሽ ፊልሙ ውስጥ መግባት አምሯታል፣ የእናቴን ቦታ ለምና ወስዳለች፣ እናቴም በደግነቷ ሰጥታታለች። ባሏ ሴት ልጅ ካሜራ ፊት መቆሟን ስለማይወድ ይፈሩታል። በአሥር ዓመት አእምሮዬ አንድም ቀዳዳ ያልነበረው ታሪክ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኳቸው ሂሶች ሁሉ እንደዚህ ጥብቅ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። ያስፈራኛል።

ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ የእኔ አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት ከጎተራው ጀርባ ከአልጣሽ ጋር ትቀመጣለች። ቃሉ አይሰማኝም፤ ዜማው ግን ይሰማኛል። እናቴ ዝቅ አድርጋ ትጀምራለች፣ አልጣሽ ትከተላለች፣ መሐል ላይ ይሰበርባታል፣ እናቴ ከመጀመሪያው ታነሳላታለች። አንድ ቀን አጮልቄ ሳይ እናቴ የአልጣሽን ጀርባ እያሻሸች ነበር። እኔን ወባ የያዘኝ ጊዜ እንደዚያ ነበር የምታሻሸኝ። ያ እጅ ሌላ ሰው ጀርባ ላይ ሲሄድ ማየት የፈጠረብኝን ነገር ዛሬም ስጽፈው ጥርሴ ይፋጫል። ሴትየዋ ግጥሟንም ቦታዋንም እጇንም ወሰደች።

የቀረጻው ቀን ሰው መጉረፍ የጀመረው በጠዋት ነው። ቃለሕይወት አርባ ለቅሶተኛ ነበር የፈለገው። ከሁለት መቶ በላይ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው። ሴቶች ባቄላና ስንዴ ንፍሮ በሰፌድ ተሸክመው መጡ፤ የፊልም ሠሪዎቹ ሾፌሮች ለእነሱ የመጣ መስሏቸው ከበው በሉት። ማንም አልከለከላቸውም። ቃለሕይወት እጁን እያሻሸ «እንዴት ያለ ዲሲፕሊን ነው! ማን ነው ያስጠናቸው?» ይላል።

ከወልድያ መንገድ ጨርቅና ጨው እያመጣ መንደራችን ሱቅ የከፈተው ሙሐዲንም ሚስቱን ሀፊዛን አስከትሎ መጣ። የልብስ ኃላፊው ምናለ የሚባል ወፍራም ልጅ ነው፤ ሮጦ ሙሐዲን ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ቆቡን ያውልቁልኝ። ካሜራ ላይ ይገባል።»

«ምን ያደርጋል ቢገባ?»

«ፊልሙ ላይ እስላም የለም።»

ሙሐዲን ዙሪያውን አየ። «እኔ እኮ ለፊልም አልመጣሁም» አለና ቆቡን እንዳደረገ አልፎት ሄዶ አያ ጋሻዬ አጠገብ ተቀመጠ። «አብሽር፣ ጋሻዬ» አለው። አያ ጋሻዬ ሊነሳ አልሞከረም።

እኔ ሙሐዲን ተዋናይ መሆን አፍሮ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ቄሶቹ ለፊልም ተብሎ ፍትሐት አይደገምም ብለው አስቀድመው እምቢ ብለው ነበር። ሆኖም የደብሩ አባ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለብቻቸው ቆመው ነበር። መጽሐፍ ይዘዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ካሜራውን አንድም ጊዜ አላዩትም።

ከመንደሩ መሐል ቃሬዛው ተቀምጧል። ገለባ በሰው ቁመት ጠቅልለው ጋቢ አልብሰውታል። በላቸው ማለት እሱ ነው። ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው አልጣሽ ቀስ ብላ ቀረበች፣ ዞር ዞር ብላ አየች፣ ከጉያዋ ሰማያዊ ነገር አወጣችና ከጋቢው ሥር ከገለባው መሐል ከተተችው።

አየኋት። እኔ ብቻ ነኝ ያየኋት።

የፊልም ልብስ ሰርቃ መደበቋ ነው አልኩ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ሳልውል ሳላድር ምናለ ዘንድ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ እትዬ አልጣሽ ልብሳችሁን ሰርቃ ቃሬዛው ውስጥ ደብቃለች።»

ምናለ ሄደና ጋቢውን ገለጠ። እጁን ከገለባው ከትቶ የጎተተው አንድ ሰማያዊ ሹራብ ነው፤ ክርኑ ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ የትምህርት ቤት ሹራብ። ከፍ አድርጎ አንጠለጠለው።

«ይሄ ምንድን ነው? ዘመኑን አይመጥንም እኮ! የማን ነው?»

ሁለት መቶ ሰው ዝም አለ። ጄኔሬተሩ ብቻ ይሰማል። ሹራቡን የሚያይ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያዩት አያ ጋሻዬን ነው። አልጣሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። እናቴን አየኋት፤ እሷ ደግሞ የምታየው እኔን ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን ከእናቴ አይቼ አላውቅም።

አያ ጋሻዬ ተነሳ። በዱላው እየተደገፈ ቀስ ብሎ መጣ። ሹራቡን ከምናለ እጅ ወሰደው። ክርኑን፣ የተሰፋበትን ቦታ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። እኔ አሁን ይመታታል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲመታትም ፈልጌ ነበር።

«ለፊልሙ ነው» አለ።

«አባቴ፣ ግን እኮ ዘመኑ…»

«ለፊልሙ ነው አልኩህ!» ጎንበስ ብሎ ሹራቡን ከገለባው ላይ ዘርግቶ አለበሰው፤ እጅጌዎቹን አስተካክሎ። ጋቢውን መለሰ። ከዚያ የራሱን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አሰረና ቃሬዛውን ከሚሸከሙት ስድስት ሰዎች አንደኛው ሆኖ ቆመ።

አልጣሽ ያኔ ጮኸች። ቃለሕይወት «አክሽን» አላለም። «ካሜራ! ካሜራ!» እያለ ሲሮጥ አስታውሳለሁ።

*ያገር ልጅ ሲሞት አፈር ይለብሳል፣*
*የኔማ ወንዴ ባሕሩን ለብሷል።*

ይህን ያወጣችው እናቴ እንደሆነች ወዲያው አወቅሁ፤ እጇ አለበት። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሉ። እናቴ ከኋላ ሆና እንደ ማንኛዋም ሴት ተቀባይ ሆነች። እናቴ! ቃሬዛው ተነሳ። አልጣሽ እየተከተለች፣ አሁን ድምፅዋ ሳይሰበር፣ ማንም ያላስጠናትን አወጣች።

*ስድስት ሰው ተሸክሞት ምነው አልከበደ፣*
*ሹራቡን ጥሎልኝ ወንዴ ስለሄደ።*

ይሄኛው የእናቴ አልነበረም። ከእናቴ ይበልጥ ነበር። ያቃጠለኝ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ያን ያህል አላቃጠለኝም።

ሕዝቡ መሬት ተቀምጦ ይንሰቀሰቃል። ሀፊዛ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። እኔ ግን አልቀመጥም አልኩ። አንዲት አሮጊት «ተቀመጪ፣ ነውር ነው» ብላ ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ አስለቀቅኋት። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ነጠላዬን ሳላዘቀዝቅ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ በሆዴ ሂስ እሠራ ነበር፦ የሟቹን ስም እንኳ አታውቀውም። በላቸው መባሉን ረስታ የልጇን ስም ትጠራለች። እናቴ ብትሆን አትሳሳትም ነበር።

ቃለሕይወት «ካት!» ብሎ ፊሽካውን ነፋ። ማንም አልሰማውም። ደግሞ ነፋ። ለቅሶው ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ፤ እሱም ካሴት እየቀየረ ቀረጸ።

በዓመቱ አክስቴ ዘንድ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄድኩ። ፊልሙ በሁለት ሲዲ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ሌላው ሁሉ ተረስቶ ያ ለቅሶ ብቻ ተወራ፤ ሽልማትም አስገኘለት። ሰው በተሰበሰበበት «የላስታዋ አልቃሽ» ሲባል ስሰማ የእናቴን ዘውድ ሌላ ሴት ደፍታ ስትዞር የማይ ይመስለኝ ነበር። ሲዲውን በማስረጃነት አስቀመጥኩት። አደግሁ፣ ተማርኩ፣ መጻፍ ጀመርኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት በሐሰት ስለተሳለችው አገራችን ረጅም ጽሑፍ ሳወጣ ዋናውን ጥይት ለዚያ ለቅሶ አስቀመጥኩለት። ቃል በቃል እንዲህ ነበር ያልኩት፦ «ሟቹ አንድ ሰዓት ሙሉ በላቸው ሲባል ቆይቶ አልቃሿ ወንዴ እያለች ትጠራዋለች። ገደል ላይ የወደቀውን ሰው ባሕር ለበሰ ትለዋለች። ለመሆኑ ላስታ ባሕር አላት? ለእኛ ያላቸው ንቀት ስማችንን እንኳ አጣርተው እንዲጠሩ አላደረጋቸውም።»

ሰው ሳቀ። ሬዲዮ ላይ ተነበበ። ቃለሕይወት ተዋረደ። ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ አድሶ ሲጭነው ስህተቱን አረመው፤ የአልጣሽን ድምፅ አጥፍቶ በላዩ ላይ ዋሽንት ጫነበት። የድሮውንም ከየቦታው አስነሳው። ዋሽንቱን ስሰማ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ጻፍኩበት።

የወንዴ ነገር ያኔ እንዴት አልታየሽም ትሉኝ ይሆናል። ሊቅ መሆን አይጠይቅም ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዓት አልመጣልኝም። ግን ሴትየዋ ሌባ ናት ብዬ አንድ ጊዜ ፈርጄአለሁ፤ ሌባ ደግሞ ሐዘንተኛ ሆና አትታየኝም።

እናቴ ደወለች። እሷ ስትደውል ስለ ጤናዬ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ ገብታ አታውቅም። ያን ቀን ገባች።

«ሰብሌ፣ ፊልሙን ምን አደረጋችሁት?»

«የቱን ፊልም?»

«የወንዴን።»

«የወንዴ ፊልም የሚባል የለም፣ እማዬ። የበላቸው ነው።»

እናቴ ያኔ ነገረችኝ። ከጓደኞቹ የተመለሰው ልጅ ጀልባዋ እንዴት እንደተገለበጠች ያወራው ለእሷ ብቻ ነበር፤ አልቃሽ ናትና መርዶ እንድታደርስ ብሎ። አያ ጋሻዬ መርዶውን አልቀበልም አለ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ አባትየው ካልፈቀደ ለቅሶ አይቀመጡም። አልጣሽ አንድ ዓመት እንጀራ ስትበላ፣ ገበያ ስትሄድ፣ «ልጅሽ እንዴት ነው?» ስትባል «ደኅና ነው» ስትል ኖረች። ፊልም ሠሪዎቹ ሙት ይዘው ሲመጡ ቀድማ የገባት እሷ ናት። ለመንደሩ ሁሉ ወሬውን ያዳረሰችው ደግሞ እናቴ።

«ለጋሻዬ መሐላውን እንዳያፈርስ፣ ለሷ እንባዋ እንዲወጣ፣ እግዜር ነው ያመጣቸው» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ወንዴ አንሥቶ አያውቅም። ለፊልም ነው ያለቀስነው፣ አለቀ። በዓመቱ በዓመቱ ግን በዚያው ቀን ሙሐዲን ሱቅ ይከፈትላታል፤ ፊልሙን ከዚያች ቦታ ያጫውትላታል። መጀመሪያ በሲዲ ነበር፤ ሲዲው ሲላጥ ከስልክ። ዘንድሮ ስትመጣ ዋሽንት ነው የሰማችው። አፏ ይከፈታል፣ ዋሽንት ይወጣል። ማን እንዲህ አደረገብኝ ብላ ጠየቀች።»

«ምን አልሻት?»

«ምን ልበላት? ልጄ በሬዲዮ ባስነበበችው የተነሳ ነው ልበላት?»

ለቃለሕይወት ደወልኩለት። ስሜን ሲሰማ ሳቀ። «ስሙን መልስልኝ» አልኩት። «እንዴ! አንቺ አይደለሽ ያስቆረጥሽኝ?» አለ፤ ዋናው ቅጂ የተቃጠለ ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል። «እውነቱን ልንገርሽ?» አለኝ ቀጥሎ፣ «በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተዋናይ መርቼ አላውቅም። ሰዎቹን ምን ብዬ እንደዚያ እንዳስለቀስኳቸው ዛሬም ይገርመኛል።» እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልነገርኩትም። ያ ለቅሶ የሱ እንዳልነበረ ሳያውቅ ይሙት አልኩ። ይህን ያህል ቅናት እስካሁን አለኝ።

ለማስረጃ ያስቀመጥኩት ሲዲ ብቻ ቀረ።

የሙሐዲን ሱቅ ዛሬም እዚያው ነው፤ እሱ ሸምግሏል። አልጣሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ እናቴ አጠገቧ። አያ ጋሻዬ ውጭ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው አሉኝ። አያይም፤ ይሰማል።

«እትዬ አልጣሽ፣ ፊልሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ረጅም ነበር፤ የወጣልኝ ይሄው ብቻ ነው። «ምናለ ዘንድ ሄጄ ያሳበቅሁብዎም እኔ ነኝ።»

«ያኛውንስ አውቃለሁ» አለች። «እስቲ ክፈቺው።»

ሙሐዲን ከመደርደሪያው ሥር አሮጌ ዴክ አውጥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። ዴኩ ሲዲውን ሁለት ጊዜ ተፋው። በሦስተኛው ያዘ። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ ያ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ያ ገለባ የተበተነበት ቆርቆሮ። እናም ድምፅዋ። *የኔማ ወንዴ ባሕሩን ለብሷል።* አልጣሽ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯ ብቻ አብሮ ይሄዳል። ከውጭ የአያ ጋሻዬ ዱላ መሬት ላይ ስትወድቅ ሰማሁ። ሙሐዲን ወጥቶ አነሳለት።

ካሜራው ከቃሬዛው ተነስቶ በተቀመጠው ሕዝብ ላይ በዝግታ ያልፋል። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን የማየው አልጣሽን ነበር። አሁን አልጣሽ ጣቷን ወደ ጥጉ ዘረጋች።

ሁለት መቶ ሰው ተቀምጦ አንዲት ልጅ ቆማለች። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ካሜራውን ትኩር ብላ ታየዋለች፤ አገጯ ከፍ ብሏል። ልትታይ ነው የቆመችው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ትወና ላይ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

«ይቺን ልጅ በየዓመቱ አያታለሁ» አለች አልጣሽ፤ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «እንደማትቀመጥ አውቃለሁ። ግን ሁልጊዜ፣ አሁን ትቀመጥልኛለች እላለሁ።»

ሙሐዲን የሰጠኝን ወንበር ወደኋላ ገፋሁት። ሲዲውን ጠቅልዬ ያመጣሁበትን ሻርፕ አንሥቼ አዘቅዝቄ ለበስኩትና ከአልጣሽ እግር ሥር መሬት ተቀመጥኩ።